የተቀመጠው አበበ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ኅዳር 24 ቀን፣ በሰፈራችን የዕድር አዳራሽ ትንሽ በዓል ተደርጎ ነበር። ቀኑ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1992 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሆኖ እንዲታሰብ የወሰነው ነው። የሰፈሩ ወጣቶች አጭር ተውኔት አዘጋጅተዋል፤ እናቶች ቡና አፍልተዋል፤ ልጆች ደግሞ «ጀግናዬ» በሚል ርእስ ሥዕል ሥለው መጥተዋል። ሥዕሎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ነበር። ብዙዎቹ የሚያሳዩት አበበ ቢቂላን ነው፤ በባዶ እግሩ፣ ዓይኑን ወደፊት ተክሎ፣ የሮማን ጎዳና ሲሮጥ።

አንደኛው ሥዕል ግን ከሌሎቹ ይለያል። በዚህኛው አበበ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀስቱን ወጥሮ ወደ አንድ ክብ ዒላማ ያነጣጥራል። የሣለችው ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ፣ 12 ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ናት። የአዳራሹን ሦስት ደረጃዎች ያለፈችው ሁለት ጎረምሶች ከነወንበሯ ተሸክመዋት ነው።

ዝግጅቱን የሚያስተባብሩት ሽማግሌ ሥዕሉን ትንሽ ትክ ብለው አዩትና፣

«ምነው ልጄ፣ ጀግናችንን አስቀመጥሽው?» አሏት።

«ጋሼ፣ ተቀምጦም እኮ ተወዳድሯል።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ያን ክፉ ጊዜ ምን አስነሣሽ?»

ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ራሷን ዳበስ አደረጓትና ሥዕሉን ከሲባጎው መጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ ሰቀሉት። እዚያ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሳንቃው ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ተውኔቱን ያዘጋጀችው ወጣት ነገሩን አነሣችው። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሥዕሉን መደበቅ ልጅቱን መደበቅ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ሰው በጉዳቱ አይታወስም። እኔ ነገ ብሞት፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሳለሁ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ነው ድንኳን ውስጥ የምታቆሙልኝ?» ሲሉ መለሱላት። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የሁለቱም አነጋገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለመሆኑ የአካል ጉዳትን ታሪክ በሥዕልና በተውኔት፣ በዘፈንና በቡና ስናከብር የምናከብረው ምኑን ነው? ጉዳቱን? የጉዳቱን መሸነፍ? ወይስ ሰውየውን? የጎደለውን ማሳየት ማክበር ነው ወይስ ማዋረድ?

መጀመሪያ ልጅቱ የሣለችው ነገር እውነት መሆኑን እንመልከት።

አበበ በሮማ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ20 በላይ ከሆኑ ሀገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር የመጀመሪያው ሆኖ የሚቆጠረው ይኸው ነው። በቶኪዮም እንዲሁ ሆነ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የተሽከርካሪ ወንበር ተወዳዳሪዎች በዚያችው ከተማ ተሰለፉ። አበበ ባሸነፈባቸው በሁለቱም ከተሞች፣ እሱ ከሄደ በኋላ እነሱ መጡ። ያ ሁለተኛው ውድድር አንድ ቀን የእሱም ታሪክ እንደሚሆን ያን ጊዜ ማን ይገምት ነበር?

መጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገለበጠች። እጆቹ ቀስ በቀስ ቢያገግሙም እግሮቹ ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ለሕክምና የተላከው እንግሊዝ ሀገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። ይህ ቦታ በአካል ጉዳት ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስም አለው። ከናዚዎች ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 የአከርካሪ ሕሙማንን ክፍል የከፈተው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው በአልጋ ቁስልና በሽንት መመረዝ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር፤ ሐኪሞችም ዕጣው ይኸው ነው ብለው ተቀብለውት ነበር። ጉትማን አልተቀበለውም። ሕሙማኑ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፤ ቀጥሎም ሥራ ሰጣቸው፤ ከዚያም ስፖርት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሰዎችን በሆስፒታሉ ግቢ አወዳደረ። የውድድሩ ዓይነት ቀስት ነበር። ቀስት ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፤ ከዚህም ሌላ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ጋር በእኩልነት ሊወዳደርበት የሚችል ስፖርት ነው። ዒላማው ወርዋሪው ቆሞ ይሁን ተቀምጦ አይጠይቅም።

አበበም በዚያ ሜዳ በ1962 ዓ.ም. ቀስት ወጠረ፤ በጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ላይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ደግሞ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ሠረገላ ተወዳድሮ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ ነው።

እስቲ ዓመቶቹን እንቁጠራቸው። ከሮማ ድል እስከ ቶኪዮ ድል አራት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ነው። መኪናው ከተገለበጠችበት ቀን እስከ ዕለተ ሞቱ ደግሞ አራት ዓመት ከሰባት ወር። የተቀመጠው አበበ በዓለም ላይ የቆየበት ዘመን ከወርቅ እስከ ወርቅ ካለው ዘመን ይረዝማል። እኛ ግን ያን ዘመን ከታሪኩ ቆርጠን፣ «ከዚያም አደጋ ደረሰበት» በሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ልጅቱ ያደረገችው የቆረጥነውን መልሶ መስፋት ነው።

ይሁንና የሽማግሌው ክርክር በዚህ ብቻ አይረታም። እሳቸው «አልሆነም» አላሉም። ያሉት «ሆኖም አይታይ» ነው። ይህን ክርክር እሳቸው አልጀመሩትም። አሜሪካኖችም በታላቅ ሐውልት ምክንያት ተከራክረውበታል።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ በደረሰባቸው ሕመም እግሮቻቸው ሽባ ሆነዋል። ሕመሙ ፖሊዮ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ፤ ሀገራቸውን በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሩ። ነገር ግን ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ከሕዝብ ዓይን ይሰውሩ ነበር። በአደባባይ ሲታዩ እግራቸውን በብረት ድጋፍ አስረው፣ የሰው ክንድ ይዘው ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በዋሽንግተን መታሰቢያቸው ሲመረቅ ትልቁ ሐውልት ተቀምጠው ያሳያቸዋል፤ ሰፊ ካባቸው ግን ወንበሩን ሸፍኖታል። ይህን ጊዜ የሀገሪቱ አካል ጉዳተኞች ተቆጡ። ሌሎች ደግሞ «እሳቸው ራሳቸው የደበቁትን እኛ ምን መብት ኖሮን እንገልጣለን? የሟች ፈቃድ አይከበርም ወይ?» አሉ።

ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛ ሀገር የሟች ቃል ይፈራል፤ ኑዛዜ ማፍረስ ነውር ነው። ነገር ግን ሩዝቬልት ወንበራቸውን የደበቁት ስላፈሩበት ነው ወይስ እኛ ተመልካቾቹ ስለምናሳፍራቸው? በዘመናቸው መራጩ ሕዝብ ወንበሩን ቢያይ ከሰውየው ሥልጣን ይልቅ ድካሙን ያይ ነበር። እንግዲያውስ ምሥጢሩ የእሳቸው ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ ጭፍንነት ያስገባቸው ዕዳም ነበር። ዕዳን ደግሞ ልጆች ሊከፍሉት ይችላሉ። አካል ጉዳተኞቹ 1.65 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ሩዝቬልት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ያለ ካባ የሚታዩበት ሁለተኛ ሐውልት በመታሰቢያው መግቢያ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው አልፈረሰም። ሁለቱም አሉ።

ወደ እኛው ሰው ልመለስ። የሩዝቬልት ጉዳይ የሚያከራክረው እሳቸው ስለ ደበቁ ነው። አበበ ግን አልደበቀም። በአደባባይ፣ ሰው እያየው፣ ቀስት ወጥሯል። ሙኒክ ስታዲየም በወንበሩ ገብቷል። ስለዚህ የተቀመጠውን አበበን ከበሩ ኋላ ስንሰቅል የእሱን ፈቃድ እየጠበቅን አይደለም። የምንጠብቀው የራሳችንን ዓይን ነው፤ የማንፈልገውን እንዳያይ።

እዚህ ላይ «ይህ የፈረንጅ አስተሳሰብ ነው፤ እኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛ በጸሎትና በምጽዋት ይታሰባል» የሚል አይጠፋም። የራሳችንን ቤት ብንመረምር ግን ከምጽዋት የበለጠ ነገር እናገኛለን። የቤተ ክርስቲያኑን የአብነት ትምህርት ተመልከቱ። ተማሪው ቀን ከመጽሐፍ ያነባል፤ ሲመሽ ደግሞ የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ቃል በጆሮ ይሰማል፣ በአፍ ይደገማል፣ በልብ ይቀመጣል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያይና የማያይ ተማሪ እኩል ናቸው። ቅኔው በቃል ይዘረፋል፤ ዜማው በቃል ይጠናል። ዓይነ ሥውሩ በዚህ ጉባኤ መሐል ተቀምጦ መማር፣ ኋላም ማስተማር የቻለው ሰዎች ስላዘኑለት አልነበረም። የትምህርቱ ሥርዓት ለእሱም በር ነበረው። ያው ሰው ጽሑፍ ብቻ በሚጠየቅበት ቢሮ ቢገባ ወዲያው «ጎዶሎ» ይባላል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው የጉድለቱ አንዱ ወገን በሰውየው አካል፣ ሌላው ወገን በእኛ አሠራር ውስጥ መሆኑን ነው።

ቤታችን የሚያስተምረን ሌላም፣ መራር የሆነ ነገር አለ። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየመጡ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የባለቤቱን ስም ጠይቀው፣ በዜማቸው ውስጥ አስገብተው፣ አወድሰውና መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ዜማ ካቋረጡ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት በእነሱም በሌላውም ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። ዛሬ የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ከዚያ ፍርሃት ጋር ተቆራኝቶ የኖረው ዜማ ከሀገራችን ውብ ዜማዎች አንዱ ነው። ከመኝታችን ሳንነሣ ሰማነው፤ ወደድነው፤ ሳንቲም ሰጠንለት። የዘማሪውን ፊት ግን አላየንም። ጥበቡን ተቀብለን ሰውየውን ከደጅ መለስነው። የዛሬው የሥዕልና የተውኔት በዓላችንም እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ አደጋ አለ፤ ይህንኛውን ያስተዋልኩት ተውኔቱን ያዘጋጀችውን ወጣት እያደነቅሁ ሳለ ነው። ሁልጊዜ ጀግና ብቻ ብናሳይስ? «ጉዳቱ ሳይበግረው» እያልን ወርቅ ያመጣውን፣ ሽልማት የወሰደውን ብቻ ብናወሳ፣ ወርቅ ያላመጣው ምን ይሁን? እግር ያለው ሰው ሁሉ አበበ እንዲሆን አንጠብቅበትም። እግሩ የማይሄድለትን ግን፣ ሰው ሆኖ ለመቆጠር ቢያንስ አበበን እንዲያህል እንጠይቀዋለን። ይህ ውዳሴ የሚመስል ፍርድ ነው። የአካል ጉዳት ታሪክ የጀግኖች ብቻ አይደለም። ከሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ስልክ እያገናኙ ጡረታ የወጡት የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። ምርኩዙን አጠገቡ አጋድሞ የሰፈሩን ጫማ ሁሉ የሚጠግነው ሰው ባለቤት ነው። በጣታቸው የሚነጋገሩ ባልና ሚስት፣ የእነሱንም ቋንቋ ከአማርኛው እኩል አፍ የፈታችበት ልጃቸው ባለቤቶች ናቸው። በዓል ቢደረግ ለእነዚህም ነው። የሰፈር ልጆች ደብተር ይዘው በየቤቱ ቢጠይቁና ታሪካቸውን ቢጽፉ፣ ቢሥሉ፣ መድረክ ላይ ቢያወጡት አንድም ወርቅ ሳይኖርበት ታላቅ ታሪክ ይወጣዋል። ደግሞም ታሪኩ የማን እንደ ሆነ ካወቅን፣ ሥዕሉ የት ይሰቀል የሚለውን የሚወስነው ማን እንደ ሆነም አብረን አወቅን ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ ይህን የሚነካ ሐሳብ አለው። አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን ሊያዳብሩና ሊጠቀሙበት ዕድል እንዲያገኙ ያዛል፤ ይህም ለእነሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ራሱ እንዲበለጽግ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ተቀባዩ እኛ ነን። ልጅቱ ሥዕሏን ስትሰቅል እኛ አልሰጠናትም፤ እሷ ሰጠችን። ስለ አበበ የማናውቀውን ነገረችን። እኛ ደግሞ በሩን ከፈትንበት።

ትዕግሥት ገዛኸኝ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የማየት ችግር ያለባቸው ሴቶች ውድድር አሸንፋ ለኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። ከተማዋ የት መሰለቻችሁ? ቶኪዮ። አበበ ሁለተኛውን ወርቅ የወሰደባት፣ እሱ ከሄደ በኋላ የተሽከርካሪ ወንበር ተወዳዳሪዎች የመጡባት ቶኪዮ። በ57 ዓመት ተለያይተው የነበሩት ሁለት ታሪኮች እዚያ ተገናኙ። ይህን የምናየው ግን ሁለቱንም ታሪክ ይዘን ስንቆም ነው። ሯጩን አበበ ብቻ ለሚያውቅ ሰው የትዕግሥት ወርቅ አዲስና የተለየ ነገር ይመስለዋል። ቀስተኛውንም አበበ ለሚያውቅ ግን በሀገሩ የቆየ መንገድ ላይ የተራመደ ሌላ እግር ነው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የደረስኩበትን ልናገር። የምናከብረው ጉዳቱን አይደለም፤ ጉዳት በራሱ ክብር የለውም። መሸነፉንም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አይሸነፍም፣ ሰው አብሮት ይኖራል እንጂ። የምናከብረው ሙሉውን ሰው ነው፤ ሙሉ ሰው ለማለት ደግሞ የተቀመጠበትን ዘመን ጭምር መቁጠር ግድ ነው። ሽማግሌው ሰው በጉዳቱ ብቻ እንዳይታወስ መፍራታቸው ትክክል ነበር። መፍትሔው ግን ሌላ ሥዕል መጨመር እንጂ አንዱን መሰወር አይደለም። ሯጩም ቀስተኛውም በአንድ ሲባጎ ላይ፣ ጎን ለጎን ይሰቀሉ።

የዚያን ዕለት በዓሉ ሲያልቅ ጎረምሶቹ ልጅቱን ከነወንበሯ አንሥተው ሊያወርዷት መጡ። ሽማግሌው ከሲባጎው ላይ ሥዕሎቹን እየለቀሙ ነበር። ከበሩ አጠገብ ያለውን መጨረሻ ላይ አወረዱትና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ፣

«አንቺ ልጅ፣ የት ሀገር ነው ቀስት የወረወረው ያልሽኝ?» አሉ።

«እንግሊዝ ሀገር ነው ጋሼ። አሸናፊ ግን አልሆነም።»

«አላሸነፈም?»

«አላሸነፈም። ግን ተወዳድሯል።»

ሽማግሌው ሥዕሉን ከሌሎቹ ጋር አላጠፉትም፤ በእጃቸው እንደያዙት ከደረጃው አናት ላይ ቆሙ። ልጅቱ በሁለት ሰው ክንድ ላይ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ስትወርድ አብረን አየናት። ወንበሩ አንድ ጊዜ ወደ ጎን አዘነበለና እጇን ወደ ግድግዳው ላከች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የእኛ አዳራሽ ከዚያ አዋጅ በፊት የተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሦስቱን ደረጃዎች ስንወጣና ስንወርድ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላያቸውም ነበር።

በተከታዩ ወር የዕድር ስብሰባ ላይ ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። የተናገሩት ስለ ሥዕል አልነበረም። አንድ የሲሚንቶ ተዳፋት ለመሥራት ስንት ከረጢት ሲሚንቶና ስንት ጋሪ አሸዋ እንደሚያስፈልግ ጠየቁ።